በብርድ ወራት የካሪቢያን ክሩዝ፦ መቼ እንሂድ? የትኛውን ክፍል እንያዝ?

ኖቬምበር ሲገባ የክሩዝ ማስታወቂያ ስልካችንን ያጥለቀልቀዋል። ሰባት ሌሊት፣ ምግብ ተካቶ፣ በዚህን ያህል ዶላር። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ሆኖ በረዶ የሚጠርግ ሰው ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም። ችግሩ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንመርጠው መርከቡን ነው። ስንት ገንዳ አለው? ልጆቹ የሚንሸራተቱበት አለው? አዲስ ነው አሮጌ? እኔ ግን ከመርከቡ በፊት ሁለት ነገር መወሰን አለበት እላለሁ። አንደኛው የምትሄዱበት ሳምንት ነው። ሁለተኛው ክፍላችሁ መርከቡ ላይ የቱ ጋ ነው የሚለው ነው። በረንዳ ይኑረው አይኑረው የሚለው ጥያቄ እንኳ ከእነዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ሳምንቱ

የአትላንቲክ የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ስለዚህ ዲሴምበር ሲጠባ ትልቁ ስጋት ዞር ይላል። ከዚያ እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ለካሪቢያን ደረቅ ወቅት ነው። ዝናቡ ይቀንሳል፣ ወበቁም ቀለል ይላል።

ዋጋው ግን በአየሩ አይመራም፤ በትምህርት ቤት ካላንደር ነው የሚመራው። ከታንክስጊቪንግ ማግስት እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ሰው ለገና ገንዘቡን ስለሚቆጥብ መርከቦቹ ለመሙላት ይቸገራሉ፤ ዋጋ ይሰበራል። ከዚያ የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት ይመጣል። ያው መርከብ፣ ያው ክፍል፣ ያው ምግብ ሆኖ ዋጋው እጥፍ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው። ጃንዋሪ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ፤ ዋጋውም ተመልሶ ይወርዳል። ይህ እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ይዘልቃል። በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የፕሬዚዳንቶች ቀን ሳምንቱን ያስወድደዋል። ማርች ደግሞ የስፕሪንግ ብሬክ ነው፤ ጭራሽ አይቀመስም።

አሁን የኛን ካላንደር አጠገቡ አስቀምጡት። ይሄን የእንግሊዝኛዎቹ ምክሮች አይነግሯችሁም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ወይም 25 መሆኑ ነው። የሚፈታው በገና፣ ጃንዋሪ 7 ነው። ስለዚህ የዲሴምበሩ ርካሽ ሳምንት ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ውዱ የፈረንጆች ገናም እንደዚያው። ለሚጾም ሰው የክሩዝ ዋጋ ግማሹ ምግብ ነው፤ ያን ሁሉ ሥጋና ቅቤ እያዩ ማለፍ ለናንተ ምን ያህል ይከብዳል? ይሄን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ትልልቆቹ መርከቦች ላይ ዛሬ የቪጋን ምግብ ይገኛል። ብዙ ጊዜም ምስርና ሽምብራ ያለበት የሕንድ ወጥ አይጠፋም። ዋናው መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ለአስተናጋጃችሁ ከነገራችሁት በማግስቱ አስቦበት ይጠብቃችኋል።

ገና ካለፈ በኋላ ግን ሁለቱ ካላንደሮች ይገጥማሉ። ዋጋው ወርዷል፣ ፍስክ ነው፣ ከረቡዕና ዓርብ፣ ከጥምቀትም ዋዜማ ከገሃድ በቀር የሚከለክል የለም። ከገና እስከ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ለአብዛኛው ወገናችን ምርጡ ነው ብዬ ደፍሬ እናገራለሁ። ጥምቀት መሀሉ ላይ አለ። አንዳንድ ደብር በዕለቱ ያከብራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለሰው እንዲመች ቅዳሜና እሑድ ያደርገዋል። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የናንተን ጠይቁ።

ከዚያ ወዲያ ያለው በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2027 ዐቢይ ጾም የሚገባው ማርች 8 ነው። ረመዳን ደግሞ ፌብሩዋሪ 8 አካባቢ ይጀምራል። ስለዚህ ሙስሊም ወገኖቻችን በዚያ ዓመት ዲሴምበርንም ጃንዋሪንም እንደ ልብ መምረጥ ይችላሉ፤ የዲሴምበሩ ርካሽ ሳምንት ለእነሱ እውነተኛ ሲሳይ ነው።

የተማሪ ወላጅ የሆነና የሚጾም ሰው ነገሩ ይጠብበታል። የዲሴምበሩ የትምህርት ቤት ዕረፍት የነቢያት ጾም ላይ ያርፋል። ስፕሪንግ ብሬክ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ነው። የሚቀረው በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የሚውለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ብታስቀሩ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት ጉዞ ይወጣዋል። ግን ልብ በሉ፤ ከፍሎሪዳ የሚነሱት አጫጭር ጉዞዎች በአብዛኛው የሚሄዱት ባሃማስ ነው። ባሃማስ ደግሞ በጃንዋሪ አስተማማኝ አይደለም። ለምን? ወደሱ እንምጣ።

ባሕሩ

በብርድ ወራት ከሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ አየር እየተገፋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ፍሎሪዳን አልፎ ባሃማስ ላይ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ኩባንና የካይማን ደሴቶችን ይነካል። ሲመጣ ነፋስ ይዞ ነው። የባሃማሷ ናሶ በጃንዋሪ ቀን ቀን 25 ዲግሪ ገደማ ናት፤ ደስ ይላል። ቀዝቃዛው አየር የገባ ዕለት ግን ዋና ልብስ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። ወደ ደቡብ በወረዳችሁ ቁጥር ይህ ስጋት ይቀንሳል። ባርቤዶስ፣ ሴንት ሉሺያ፣ አሩባና ኩራሳው ላይ በጃንዋሪም 28 ዲግሪ ገደማ ታገኛላችሁ። መዋኘት ካማራችሁ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ረዘም ያለ ጉዞ ያዙ። ማረፍና መብላት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት ባሃማስም ይበቃል።

ሌላው ነፋሱ የሚወስነው ነገር መርከቡ መቆም መቻሉን ነው። ግራንድ ካይማን፣ ጆርጅ ታውን ላይ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የለም። መርከቡ ባሕሩ ላይ ይቆምና ሰው በትንንሽ ጀልባ ይመላለሳል። ቤሊዝ ሲቲም እንዲሁ ነው። ነፋስ ሲበረታ ካፒቴኑ ሰው በጀልባ አያወርድም፤ ወደቡን ዘልሎ ይሄዳል። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይሄ ብርቅ አይደለም። ለአንድ ደሴት ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ እዚያ የሚወረደው በመድረክ ነው በጀልባ የሚለውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ኮዙሜል ለምሳሌ መድረክ አለው።

የዲሲና የሜሪላንድ ሰው አንድ ተጨማሪ ምርጫ አለው፤ ባልቲሞር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ሰዓት በታች ነድቶ፣ መኪናውን አቁሞ፣ ሻንጣ ሳያስመዝን መርከብ ላይ መውጣት። እናትና አባታቸውን ይዘው ለሚሄዱ አየር ማረፊያውን መዝለል ትልቅ ነገር ነው። ግን በጃንዋሪ ምን እንደሚገጥማችሁ እወቁ። መርከቡ ሌሊቱን የቼሳፒክን ሰላጤ ይወርዳል። ይህ ክፍል እንደ ሐይቅ ነው፤ ምንም አይሰማችሁም። ከዚያ አትላንቲክ ላይ ይወጣና በሰሜን ካሮላይናው ኬፕ ሃተራስ በኩል ያልፋል። እዚህ ቦታ ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት የባሕር ጅረት፣ ገልፍ ስትሪም፣ ከሰሜን ከሚነፍሰው ነፋስ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። ነፋስና ጅረት ሲጋጠሙ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶ ማንጠልጠያዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ትሰማላችሁ። መታጠቢያ ቤት ያለው ብርጭቆ መደርደሪያው ላይ ይንቀጫቀጫል። አደጋ አይደለም፤ መርከቡ ለዚህ ነው የተሠራው። ለሚያጥወለውለው ሰው ግን ረጅም ሌሊት ነው። ማንጠልጠያዎቹን አውርዳችሁ አልጋ ሥር ብታደርጉ፣ ብርጭቆውን በፎጣ ብትጠቀልሉ ቢያንስ ድምፁ ያርፋል።

ደግሞም ከባልቲሞር ስትነሱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ የመጨረሻዎቹም ሁለት ቀናት ብርድ ናቸው። ከሰባት ሌሊት ውስጥ ሙቀት የምታገኙት መሀሉን ብቻ ነው። ግዙፎቹ አዳዲስ መርከቦችም እዚያ አይገቡም። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከውሃው በላይ 57 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ አያሳልፋቸውም። የሚመጡት መካከለኛ መርከቦች ናቸው። እነሱ ደግሞ በማዕበል ላይ ከግዙፎቹ የበለጠ ይወዛወዛሉ። እንግዲህ የአውሮፕላን ወጪና ድካም በአንድ ወገን፣ አራት የብርድ ቀንና የሃተራስ ሌሊት በሌላ ወገን አድርጋችሁ መዝኑ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ከባልቲሞር ቢነሳ አልቃወምም። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ማያሚ ወይም ፎርት ላውደርዴል እላለሁ።

ወደ ፍሎሪዳ የምትበሩ ከሆነ መርከቡ ከሚነሳበት አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። በጃንዋሪ ዲሲ አጠገብ ባለው ደለስ (Dulles) አየር ማረፊያ ላይ አንድ የበረዶ ጠዋት ቢገጥማችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ምንም አይደለም።

ክፍሉ

አራት ዓይነት ክፍል አለ። መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለውና ስዊት። ዋጋውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይጨምራል። ሻጩ የሚያወራችሁ ስለዚህ ነው። በብርድ ወራት ግን ከዓይነቱ በፊት ቦታውን እዩ።

መርከብ ሁለት ዋና ዋና እንቅስቃሴ አለው። አፍንጫው ወደ ላይ ተነስቶ ይወርዳል፤ ጎንና ጎኑም ይንጋደዳል። የመጀመሪያው ጫፍና ጫፉ ላይ ይብሳል፤ መሀሉ ላይ ይቀንሳል። ሁለተኛው ከፍ ባላችሁ ቁጥር ይጨምራል። ዘመናዊ መርከቦች ከጎናቸው የሚዘረጉ ክንፎች ስላሏቸው መንጋደዱን ይቀንሱታል፤ የአፍንጫውን መነሳትና መውረድ ግን ብዙም አይረዱትም። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ መሀል ላይና ዝቅ ያለ ፎቅ። ከላይ ፊት ለፊት ያለ ባለ በረንዳ ክፍል በፎቶ ላይ እጅግ ያምራል፤ ጃንዋሪ ላይ ግን ዕቃው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው እዚያ ነው። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ መሀል ላይ ያለ ባለ መስኮት ክፍል ባነሰ ዋጋ የተሻለ እንቅልፍ ይሰጣችኋል።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። የመርከቡን የፎቅ ካርታ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ክፈቱ። የተሰጣችሁን ቁጥር ፈልጉና በላዩ ምን አለ፣ ከሥሩ ምን አለ የሚለውን እዩ። በላይም በታችም መኝታ ክፍል ከሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ያዙት። ከላይ ገንዳው ካለ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ሠራተኞቹ የመዝናኛ ወንበሮቹን ሲደረድሩ እያንዳንዱ እግር ጣሪያችሁ ላይ ሲጎተት ይሰማችኋል። ከላይ ቡፌው ከሆነ ጋሪ ነው። ከሥር የሙዚቃ አዳራሽ ካለ እስከ እኩለ ሌሊት ባስ ነው። ካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ነጭ ቦታ ካያችሁም ተጠንቀቁ፤ ብዙ ጊዜ ኩሽና ወይም የሠራተኞች መተላለፊያ ነው። ከጎረቤት ጋር የሚያገናኝ በር ያለው ክፍል ደግሞ ድምፅ ያስተላልፋል። ለራሳችሁ ቤተሰብ ካልሆነ በቀር አትውሰዱት።

እናቶችንና አባቶችን ይዛችሁ ከሆነ አንድ ልጨምር። አዳዲሶቹ መርከቦች እጅግ ረጅም ናቸው። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ 365 ሜትር ያህል ነው። ከክፍል እስከ ቁርስ ያለው መንገድ ራሱ እግር ያደክማል። ከሊፍቱ በር ፊት ሳይሆን ከሊፍቱ አራት አምስት ክፍል ራቅ ያለውን ያዙላቸው፤ ጫጫታው አይደርስም፣ መንገዱም አይረዝምም። መስኮት የሌለውን ክፍል ግን ለአረጋውያን አልመክርም። ርካሽ ነው፣ ለወጣት እንቅልፍም ግሩም ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሌሊት የተነሳ አዛውንት በሩ የት እንደሆነ ይጠፋበታል፤ ነግቶ ይሁን አይሁን አያውቅም። ለዚህ ሰው የሚያዋጣው የሕይወት አድን ጀልባ ፊቱ ላይ የተንጠለጠለበት ባለ መስኮት ክፍል ነው። ባሕሩ በከፊል ስለሚሸፈን ዋጋው ይቀንሳል፤ ብርሃኑ ግን ያው ብርሃን ነው። ብዙ ጊዜም መሀል ላይ ይገኛል።

አራት ሰው ለሆነ ቤተሰብ አንድ ባለ በረንዳ ክፍል ውስጥ ከመጨናነቅ ሁለት የውስጥ ክፍል ጎን ለጎን መያዝን አወዳድሩ። አንድ ተራ ክፍል 15 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ክፍል ማለት ሁለት መታጠቢያ ቤት ማለት ነው፤ ለእራት ስትለባብሱ ጥቅሙ ይገባችኋል። ወይም ወላጆች ባለ በረንዳውን፣ ልጆች ከኮሪደሩ ማዶ የውስጡን። ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ይወቀው፤ የሚጻፈው ዋጋ ሁለት ሰው አንድ ክፍል ሲጋራ ለአንዱ የሚደርሰው ነው። ብቻችሁን ከሆናችሁ እጥፍ ለመክፈል ተዘጋጁ።

በረንዳ የሚያስደስተው ወደ ደቡብ በሚወርድ ጉዞ ላይ ነው። የትኛው ጎን? በዚህ ወቅት ፀሐይዋ ቀኑን በደቡብ በኩል ነው የምትውለው። ከማያሚ ወደ ፖርቶ ሪኮ በኩል ስትሄዱ መርከቡ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ስለሚያመራ፣ ወደፊት ስታዩ በቀኝ ያለው በረንዳ ፀሐይ ያገኛል። በግራ ያለው የሰሜን ምሥራቁን ነፋስ ይቀበላል። ስትመለሱ ይገለበጣል። ከባልቲሞር ለሚነሳ መርከብ ግን ለበረንዳ ተጨማሪ አትክፈሉ፤ ግማሹን ጊዜ በሩን አትከፍቱትም።

ቡና ልታፈሉ ያሰባችሁም ትኖራላችሁ። ምድጃ፣ ዕጣን፣ ሻማና የመሳሰለው መርከብ ላይ ክልክል ነው። እሳት ባሕር ላይ ቀልድ አይደለም። ጀበናው ቤት ይቅር።

ክፍያው

ዋጋ ላይ “ጋራንቲ” የሚል ካያችሁ ዓይነቱን ትመርጣላችሁ፣ ቁጥሩን ድርጅቱ ይመርጥላችኋል ማለት ነው። ርካሽነቱ ለዚህ ነው። በጃንዋሪ፣ በተለይ ለሚያጥወለውለው ሰው፣ አይሆንም፤ የመርከቡ አፍንጫ ላይ ሊጥላችሁ ይችላል። ከያዛችሁ በኋላም “በዚህን ያህል ብር ባለ በረንዳ እናድርጋችሁ” የሚል የጨረታ ኢሜይል ይመጣል። እሱ ዓይነቱን እንጂ ቦታውን አይጠብቅም። ደህናውን የመሀል ክፍል ለቃችሁ ገንዳ ሥር ልትገቡ ትችላላችሁ። ቦታውን አስባችሁ ከመረጣችሁ እምቢ በሉ።

ከጃንዋሪ እስከ ማርች ድርጅቶቹ ለቀጣዩ ዓመት ቅናሽ የሚያወጡበት ወቅት ነው። መሀል ላይ ያሉት ጥሩ ክፍሎች የሚያልቁት ቀድመው ስለሆነ ያኔ ቀብድ ከፍሎ መያዝ ይሻላል። ሙሉ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከጉዞው ሦስት ወር ገደማ በፊት ነው። እስከዚያ ድረስ ዋጋው ከወረደ ደውላችሁ “አስተካክሉልኝ” ማለት ይቻላል፤ ካለፈ በኋላ ግን ስረዛም ያስከፍላል። ከክፍሉ ዋጋ ላይ የወደብ ግብሩን (ካልተካተተ) እና ለሠራተኞች በቀን በሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር የሚሆን ቲፕ ጨምሩበት።

ወረቀቱ

ከዚያው ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይፈቀድለታል። ቢሆንም ፓስፖርት ያዙ፤ አንድ ደሴት ላይ መርከቡ ቢያመልጣችሁ ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን መመለስ መከራ ነው። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው እያንዳንዱ ደሴት ምን እንደሚጠይቅ በየተራ ያጣራ፤ ሁሉም አንድ አይደሉም። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ከመውጣቱ በፊት የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሊኖረው ይገባል።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ይሄን በጥሞና ያንብብ። መርከቡ ከማያሚ ተነስቶ ማያሚ ቢመለስም ከአሜሪካ እንደ መውጣት ነው የሚቆጠረው። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳይዙ መውጣት ማመልከቻውን እንደ ተዉት ሊያስቆጥር ይችላል። የዓመታት ጥበቃ በአንድ ሳምንት ሽርሽር ሊበላሽ ይችላል። ፈቃዱ በእጃችሁ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን አናግሩ። ቀብዱን ከዚያ በኋላ ትከፍላላችሁ።